ወረቀቱን ለእነሱ፣ መኪናውን ለራሳችሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ አስከሬን ከውጭ ስለሚያስመጡ ድርጅቶች የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ስታርፍ እኛ ያሠራነው አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

መጀመሪያ የወደድኩላቸውን ልናገር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ገና ስለ ዋጋ ሳታወራ "በኤጀንሲ ነው የሄደችው? የሥራ ውሏ አለ?" አለችን። በሕጋዊ መንገድ የሄደ ሠራተኛ ውል ላይ ብዙ ጊዜ አስከሬን የመመለሱ ወጪ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። አክስቴ ሣጥን ከፍታ ውሉን አወጣች፤ እውነትም ተጽፏል። ልጅቷ ዝም ብትል ኖሮ ሙሉውን ከእኛ ትቀበል ነበር። የዕድራችን ገንዘብ ደግሞ ለንፍሮና ለድንኳን እንጂ ለአውሮፕላን አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ ጎበዞች ናቸው። ዱባይ ላይ የሆስፒታሉ ማስረጃ አለ፤ የፖሊስ ፈቃድ አለ፤ የሞት ምስክር ወረቀት አለ። ቪዛዋ ይሰረዛል። ቆንስላችን ፓስፖርቷን ሰርዞ አስከሬኑ እንዲወጣ ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያ ሙሐይስና በሚባለው ሰፈር ባለው ማዕከል አስከሬኑ በመድኃኒት ይደርቅና ሌላ ምስክር ወረቀት ይወጣል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። እሷ ያረፈችው በሕመም፣ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ፖሊስ ብዙ አላቆየንም። አሟሟቱ ጥርጣሬ ያለበት ከሆነ ግን ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ከ2022 ወዲህ እዚያ ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ዓርብም ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራል። ልጅቷ ይህን ቀድማ ስለነገረችን ለቅሶውን በቀጠሮ ከመጥራት ተረፍን። "ነገ ትገባለች" ብሎ አገር ሙሉ አስቀምጦ የሚያስለቅስ ደላላ ስንቱ ነው!

በጣም የከበደን ሣጥኑ ነው። ለአውሮፕላን ጉዞ ውስጡ በዚንክ ተለብጦ ይታሸጋል። አክስቴ "ፊቷን ሳላይ አልቀብራትም" ብላ ነበር። ልጅቷ በስልክ "እማማ፣ እንዳይከፈት ሆኖ ነው የሚታሸገው" ብላ ረጋ አድርጋ አስረዳቻት። ገና አስከሬኑ ሳይመጣ መናገሯ ጠቀመን። ቦሌ ላይ ብንሰማው ጉድ ይፈላ ነበር።

ቦሌ ስል ደግሞ፣ አስከሬን የሚወጣው በካርጎ በኩል ነው። ይህን ብንናገርም ግማሹ ዘመድ ሄዶ በመንገደኛ መውጫው ቆመ። ተረካቢው በጭነት ሰነዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ መታወቂያ ይዞ ይቅረብ። እሷን ቤት የምንጠራት በሌላ ስም ነው። ሰነዱ ሁሉ የሚሠራው ግን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ነው። ስለዚህ ተረካቢውን ቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

አሁን ወደ ወቀሳው። "እስከ ቀብር ቦታ" ብለው ተዋውለው የላኩት ሾፌር ሰንዳፋን ሳናልፍ ስለ ነዳጅ ማማረር ጀመረ። ደብረ ብርሃንን አልፈን በባሶና ወራና በኩል ወደ ደብሩ የሚገነጠለው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ደግሞ "የእኔ ውል አስፋልት ድረስ ነው" ብሎ ቆመ። ተጨማሪ ብር ነው የፈለገው። የሰፈሩ ጎረምሶች ሣጥኑን ተሸከሙት፤ ያ ዚንክ ቀላል አይደለም። ቄሶቹ ለፍታቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ቢሮ ስንደውል "እናነጋግረዋለን" አሉ፤ እስካሁን ያነጋገሩን የለም።

ለወረቀት ሥራው ግን ዛሬም እነሱን ነው የምጠቁመው። ሒሳቡን ለያይተው በጽሑፍ ሰጥተውናል። ማድረቂያው፣ ሣጥኑ፣ በኪሎ የሚታሰበው የአየር ጭነትና የራሳቸው ክፍያ ለየብቻ ተቀምጧል። ለአሠሪዋም የላክንለት እሱኑ ነው። ስትዋዋሉ መኪናውን ከሒሳቡ አስወጡና ከደብረ ብርሃን መንገዱን የሚያውቅ አይሱዙ ተከራዩ።