የአባቴን ቫዮሊን ሳታሳምር ፎቶ ላነሳችልኝ ባለሙያ

ከአባቴ የቀረን አንድ ቫዮሊን ነው። ቫርኒሹ ተልጧል፤ ከአራቱ መቃኛዎች አንዱ ከሌላ መሣሪያ ተነቅሎ የመጣ ስለሆነ ቀለሙ ከወንድሞቹ አይገጥምም። ለእህቶቼ በፎቶ ላካፍላቸው ብዬ መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ባለሙያ ዘንድ ነበር። ብልጭታውን ፊት ለፊት ለቀቀበት፤ ከዚያም ጭረቶቹን በኮምፒውተር አጠፋቸው። የተላከልኝ ፎቶ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቫዮሊን ነበር። ለበጎ አስቦ እንዳደረገው አውቃለሁ፤ እህቴ ግን «ይህ የማን ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛዋ ፎቶ አንሺ ካሜራዋን ከማውጣቷ በፊት ቫዮሊኑን አስታቀፈችኝና «አባትዎ እንዴት ነበር የሚይዙት?» አለችኝ። አባቴ የአገጭ ማሳረፊያውን ስለማይወድ ነቅሎት ነበር፤ ጢሙና ላቡ እዚያ ቦታ ላይ ቫርኒሹን በልተው እንጨቱን እርቃኑን አስቀርተውታል። ቀጭኑን ድምፅ ፍለጋ ግራ እጁ ሲወጣ የሚያርፍበት የመሣሪያው ትከሻም እንደዚያው ነው። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ካሳየኋት በኋላ ሌላውን ሁሉ ለእነሱ አስገዛችው።

የተጠቀመችው አንድ መብራት ብቻ ነው። በጎን በኩል ዝቅ አድርጋ፣ ብርሃኑ እንጨቱን ታክኮ እንዲያልፍ አስጠጋችው። ልሙጥ ይመስል የነበረው ገላ ያን ጊዜ ተነሣ፤ እያንዳንዱ ጭረት የራሱን ጥላ ያዘ። ጥላው እንዳይሳሳ በማዶው ጥቁር ጨርቅ ዘረጋች። ካሜራው በማቆሚያው ላይ፣ ለብርሃን ያለው ስሜት (አይ.ኤስ.ኦ.) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11፣ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ማጣሪያ ገጠመችና ጥቂት አሽከርክራ መሐል ላይ ተወችው። ለምን ብላት «ጨርሶ ካጠፋሁት እንጨቱ ይሞታል» አለችኝ። መብራቷም የማይሞቅ ነበር፤ የቫዮሊን አካል የሚያያዝበት ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ሙጫ ሙቀት ያላላዋል። ክሮቹን እንፍታቸው ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ እጄን ያዘችኝ ማለት ይቻላል። አራቱም በአንድ ጊዜ ከላሉ፣ በቫዮሊኑ ውስጥ ሳትጣበቅ በግፊት ብቻ የቆመችው ትንሽ ምሰሶ ልትወድቅ ትችላለች።

ስለ ውስጡ ካነሣሁ አይቀር፣ ከኋላ ገላው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ስትራዲቫሪየስ» ይላል። አትደሰቱልኝ። እ.ኤ.አ. በ1737 የሞተው የጣሊያኗ ክሬሞና ከተማ ሊቅ ቫዮሊን ሠሪ የአንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ስም እጅግ በርካታ የፋብሪካ ቫዮሊኖች ውስጥ ተለጥፏል፤ የእኛም ከእነሱ አንዱ ነው። ፎቶ አንሺዋ ግን አልናቀችውም። በአንደኛው የድምፅ ቀዳዳ ትንሽ ብርሃን አስገብታ በሌላኛው በኩል አነሣችው። አቧራውና የወረቀቱ ጥግ መገንጠሉ ሳይቀር ይታያል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ቅሬታም አለኝ። ለዘጠኝ ፎቶ ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ፤ ያስረከበችኝም ካለችው ቀን አሳልፋ ነው። የሚቸኩል ሰው ወደ እርሷ አይሂድ።

ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አድራሻዋን ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትሄዱ መሣሪያችሁን እንዳትወለውሉት። እኔ ለክብሯ ብዬ ክሮቹ ሥር የተጋገረውን፣ ቫዮሊን መምቻው ደጋን የሚቀባውን ደረቅ ሙጫ ብናኝ ግማሹን ጠርጌ ሄጄ፣ የቀረውን ግማሽ እያሳየች ተቆጥታኛለች።