ከሞተር ጃኬት ሥር የሚሞቅ ሰደርያ፦ ከሞተሩ ባትሪ፣ ከራሱ ባትሪ ወይስ ከፓወር ባንክ?

ሞተሩን ባህር ዳር ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታህሳስ ላይ ጠዋቱ ቢበርድም አንድ ሹራብ ይበቃል፤ እሱንም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ታስወልቀዋለች። ጣጣው ከከተማ ሲወጣ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚወጣ፣ ወይም በመራዊና በዳንግላ እንጅባራ የሚሄድ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ነፋሱም አለ። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ያልተሸፈነ ገላ ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ እንደሆነ ያህል ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ሰደርያ ለዚህ የተሠራ ነው። ጨርቁ ውስጥ ቀጫጭን የካርቦን ወይም የብረት ክሮች አሉ፤ ኮረንቲ ሲያልፍባቸው ይሞቃሉ። ሦስቱን ዓይነቶች የሚለያቸው ኮረንቲውን የሚያገኙበት ቦታ ነው። ምርጫውም እዚያ ላይ ያልቃል።

ከሞተሩ ባትሪ ጋር በሽቦ የሚገናኘው በሙቀት አቻ የለውም። በ12 ቮልት ይሠራል። ሰደርያው ብቻ ከ40 እስከ 60 ዋት፣ እጅጌ ያለው ጃኬት ደግሞ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። መንገዱ አምስት ሰዓት ቢፈጅም አያልቅበትም። ሙቀት መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ወይም መሪው አጠገብ ስለሚሆን በጓንት ይነካል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የእኛ ሞተር ነው። እዚህ በብዛት የምናያቸው 100 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ዲናሟቸው ትንሽ ነው። የብዙዎቹ የፊት መብራት 35 ዋት ነው። ሰደርያው ብቻውን ከፊት መብራቱ በላይ ይበላል ማለት ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ ሲቆምማ ዲናሞው የሚሰጠው ያንሳል፤ ሰደርያው ባትሪውን መጥባት ይጀምራል። በእግር የሚመታ ሞተር ከሆነ ይነሳ ይሆናል። በቁልፍ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን በደብረ ታቦር መንገድ አለም በር ከተማ ላይ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሰው ለምኖ ማስገፋት ይመጣል።

በትልቅ ሞተር ይህ ሁሉ ስጋት የለም። ለምሳሌ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዘው ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ዲናሞው እንደ ሞዴሉ እስከ 720 ዋት ይሰጣል፤ ሰደርያና የሚሞቅ ጓንት አብረው ቢሰኩበት አይሰማውም። እንዲህ ዓይነት ሞተር ካላችሁ ሌላውን አትዩ፤ በሽቦ የሚሠራውን ግዙ። ገመዱ በቀጥታ ከባትሪው ይነሳ፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ ይኑረው። ከክላክስ ወይም ከመብራት ሽቦ ላይ እንዲቀጥል የሚነግራችሁን ኤሌክትሪሺያን ግን አትስሙት።

ሁለተኛው የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለው ነው፤ ብዙዎቹ 7.4 ቮልት ናቸው። ሞተሩን አይነካም። ከሞተር ወርዳችሁም ይሞቃል፤ መስክ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው 5 አምፔር ሰዓት ከሆነ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በ12 ዋት ሲሠራ ሦስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመሄጃው ይበቃል፤ ለመመለሻው ቻርጅ መደረግ አለበት። መብራት ከሄደ ደግሞ አለቀ፣ ተራ ሰደርያ ሆነ ማለት ነው።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። የብዙዎቹ ማብሪያ ደረት ላይ ነው። ለእግረኛ ተመችቷል። የሞተር ጃኬት ከላይ ሲደረብበት ግን ያ ቁልፍ ጃኬቱ ሥር ይቀበራል። ሙቀት ለመጨመር ሞተር ማቆም፣ ጓንት ማውለቅ፣ ዚፕ መክፈት፣ ቁልፉን በዳበሳ መፈለግ ነው። ዚፑ በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ ሪሞት ያለውን፣ ወይም ማብሪያው በገመድ ወደ ታች የሚወርደውን ምረጡ።

ሦስተኛው በፓወር ባንክ የሚሠራው ነው። ደካማ ነው፤ በ5 ቮልትና በ2 አምፔር ሲሠራ 10 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ ፓወር ባንኩም ለስልክ ያገለግላል። ላዩ ላይ የተጻፈው 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት እውነተኛ ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ቢበላሽ ሌላ ፓወር ባንክ ከየትም ይገኛል፤ የ7.4 ቮልቱ ባትሪ ቢሞት ግን ባህር ዳር ውስጥ ምትኩን ማግኘት ፈተና ነው። በእኔ ሚዛን ለ150 ሲሲ ሞተር ባለቤት የሚመረጠው ይኸኛው ነው፤ አንድ ነገር እስከተሟላ ድረስ።

እሱም ነፋስ የማያስገባ ልብስ ነው። ነፋስ በአንገትና በእጅጌ የሚገባበት ጃኬት ሥር 10 ዋት ይቅርና 50 ዋትም ይባክናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ከጃኬቱ በላይ የሚለበስ የዝናብ ልብስ ነው፤ ክረምትም ያገለግላል። ገንዘብ ካጠረ እሱና ከሰልባጅ የተገኘ ወፍራም ሰደርያ ብዙ ጠዋት ያሻግራሉ። ጋቢ ግን ቤት ይቅር። ጫፉ ሰንሰለት ወይም ኋላ ጎማ ከያዘው ጉዱ ሌላ ነው።

ጓንቱስ? እጅ የሚደነዝዘው አንዳንዴ ደረት ስለቀዘቀዘ ነው፤ ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ መሃል ይሰበስባል። ሰደርያውን አስቀድሙ፣ እጃችሁ አሁንም ካስቸገረ ጓንቱን አስከትሉ።

አለባበሱ ላይ፦ ከሥር ቀጭን ካናቴራ ይሁን፣ ሰደርያው ከሰውነት ጋር ይጠጋ፤ ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ ገላ ጋ አይደርስም። በባዶ ገላ ግን አይለበስም። ሳይታወቅ ቀስ ብሎ ያቃጥላል፤ በተለይ ስኳር ኖሮበት የቆዳው ስሜት የቀነሰ ሰው ይጠንቀቅ። ሲታጠብ ባትሪው ይወጣል፣ በእጅ ይታሻል፣ አይጨመቅም።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ወይም ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው አስቀድማችሁ ንገሩት። አውሮፕላን ላይ ለብቻው የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ ኤርፖርት ላይ ከተወሰደበት እጃችሁ የሚገባው ሰደርያው ብቻ ነው።