ለደም ግፊት የቱ ይቅደም? ጨው መቀነስ ወይስ በእግር መሄድ?

ወጪ፦ ሁለቱም ብር አይጠይቁም።

ቅለት፦ ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ገበያ ደርሶ መመለስ ራሱ ስፖርት ነው። ለጀማሪ የኮምቦልቻ ሜዳ ይቀላል፤ ሙቀቱን ለመሸሽ በጠዋት መውጣት ነው። ጨው ግን ተደብቆ ይገባል። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ይደገማል፣ ቡናውንም በጨው የሚጠጣ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም! እኔ ብሆን ከቡናው እጀምራለሁ።

ስጋት፦ ልቡን የሚያመው ሰው ሐኪም ሳያማክር ዳገት አይሞክር። የታዘዘ መድኃኒት ደግሞ በየትኛውም ምክንያት በራስ ፈቃድ አይቋረጥም።

ለማን፦ ተቀምጦ ለሚውል ባለሱቅ እርምጃው ይቅደም፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ። ስትባዝን ለምትውል እናት ጨው መቀነሱ ይሻላል፤ ለቤተሰቡም ይተርፋል።