የሪሲቨር ሶፍትዌር መጫኛ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው። አዳማ ውስጥ ዲሽ የምትሠሩ፣ ሪሲቨር የምትጠግኑ ልጆች በተለይ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አሮጌው ኬብሌ ተበጠሰና አዲስ ገዛሁ። ያችው የምናውቃት ናት፤ በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው ባለ 9 ፒኑ ሲሪያል። 850 ብር። ሻጩ «ኦርጅናል ናት፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ» አለኝ። ጨፍኜ ወሰድኩ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ስሰካት ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 10፤ ዕቃው ሥራ መጀመር አልቻለም ማለት ነው። ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ባድሰው ጭራሽ «ይህ ቺፕ ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል፤ ሻጭህን አናግር» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። በፈረንጅ 2012 መሆኑ ነው። ሻጬን አናገርኩ። «ላፕቶፕህ ቫይረስ አለበት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዕቃ ማንነቱን ራሱ ነው የሚናገረው። ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ የአምራቹንና የዕቃውን። ኮምፒውተሩም ያንን አምኖ ድራይቨር ይመርጥለታል። የኔዋ የታይዋኑ ፕሮሊፊክ ቺፕ ነኝ ብላ ነው የገባችው። አምራቹ ግን በአስመሳዮች ስለተማረረ ድራይቨሩ ውስጥ መፈተሻ አስገብቷል። እውነተኛ ሆኖ የቆየ ቺፕም እዚያው ይያዛል። ስለዚህ የኔዋ ፎርጅድ ትሁን ያረጀች አላውቅም፤ ግድም የለኝም። ሁለቱም አዲስ ኦርጅናል ተብሎ አይሸጥም።

ከዚህም የከፋ ታይቷል። በፈረንጅ 2014 የሌላ ቺፕ አምራች፣ የኤፍቲዲአይ ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት መጥቶ የአስመሳይ ቺፖችን የዕቃ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረው። ኬብሎቹ በድን ሆኑ። ጩኸት ሲበዛ ድራይቨሩ ከዊንዶውስ አፕዴት ላይ ወረደ። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ በአንጻሩ ታጋሽ ነው፤ ጠማማ ዕቃን እንደ ጠማማነቱ የሚይዝበት ኮድ ይጽፉለታል። እኔም ሊኑክስ ላይ ሰክቻት ታወቀች።

ጓደኛዬ «የድሮ ድራይቨር መልስበት» አለኝ፤ መለስኩ። ሠራች! የደንበኛዬን ሪሲቨር መጫን ጀመርኩ። 60 ፐርሰንት ላይ ቀጥ አለች። ሪሲቨሩም አልተነሣም። እሱን ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

እባካችሁ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን ድራይቨር ቀድማችሁ ጫኑ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ 2ኛውንና 3ኛውን ፒን በሽቦ አገናኙና ፑቲ በሚባለው፣ በኬብሉ ጽሑፍ በሚልክና በሚቀበል ፕሮግራም ላይ ጻፉ፤ የጻፋችሁት ተመልሶ ካልመጣ አትክፈሉ። ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ ርካሽ ነው፣ ግን ቢያንስ በራሱ ስም ነው የሚገባው። እኔ አሁን እሱን ነው የምጠቀመው።

ደረሰኝም ተቀበሉ። እኔ ስላልነበረኝ 850 ብሬ እዚያው ቀርቷል።