ለገና ያዘዝነው ተርኪ፦ ቅመሙ ያማረ፣ ጨው የበዛበት

አሜሪካ ውስጥ ለሚጾም ቤተሰብ የተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ነገር ከቀን መቁጠሪያ ጋር አይስማማም። ተርኪ የሚበላበት የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ የሚከበረው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ሲሆን ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፣ በአብዛኛው ዓመት ጎረቤት ሁሉ ተርኪ ሲቆርስ እኛ ሽሮ ላይ ነን። በ2017 ዓ.ም. በዓሉ የዋለው ኅዳር 19 ቀን ነበር። ስለዚህ በቤታችን ተርኪው ወደ ገና ከተዛወረ ሰንብቷል፤ በዚያ ዓመት ግን እንደ ወትሮው ራሳችን ከማጣፈጥ ይልቅ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ሥጋ ቤት በአዋዜና በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ለኦቭን የተዘጋጀ ተርኪ አዘዝን።

14 ፓውንድ የሚመዝነውን ተርኪ የተረከብነው ቅዳሜ፣ በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። በጥልቅ የአሉሚኒየም ትሪ ተደርጎ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተጨማሪ ንጥር ቅቤና ግማሽ ገጽ የአሠራር መመሪያ ነበረው። ሆዱ ውስጥ እጄን ስሰድ አሁንም በረዶ አገኘሁ። ይህ ብዙ አላሳሰበኝም፤ በረዶ የያዘ ተርኪ በፍሪጅ ውስጥ ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ስለሚፈልግ እስከ ሰኞ ይደርስ ነበር፣ ደርሷልም። ሆኖም ዋዜማው ላይ የሚረከብ ደንበኛ ቢኖር ችግር ላይ ይወድቅ ነበርና ሥጋ ቤቱ ይህን አስቀድሞ ሊናገር ይገባው ነበር።

የቅመሙን ነገር ስናገር ያለ ስስት ነው። የደረቱን ቆዳ ሳይቀድዱ ከሥጋው አላቀው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ የገባበትን አዋዜ ከቅቤው ጋር በቀጥታ ሥጋው ላይ ቀብተውታል፤ ጭኑንም እስከ አጥንቱ ጠልጥለው ቅመሙን አስገብተውበታል። ሆዱ ውስጥ የተከተተው የጥብስ ቅጠልና በአራት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት ሲሆን፣ ኦቭኑ በሞቀ በሰዓቱ ከቅቤው የወጣው የኮሰረትና የበሶብላ ሽታ ቤቱን ሞላው። የተርኪ ደረት በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ እንዲህ ከቆዳ ሥር የተቀባ ቅቤ ግን ቀስ እያለ እየቀለጠ ስለሚያርሰው፣ እንደ ዶሮ ወጥ መረቅ ውስጥ ያልገባ ሥጋ ቢሆንም ጉሮሮ ላይ አልቆመም።

አዋዜውን ከቆዳው በላይ መቀባታቸው ግን ስሕተት ነው። በርበሬ በደረቅ ሙቀት ቶሎ ስለሚያርር በሁለተኛው ሰዓት ክንፎቹና የደረቱ አናት መጥቆር ጀመሩ፤ በፎይል ባልሸፍነው ምሬቱ ወደ ሥጋውም ይዘልቅ ነበር። ከላይ ቅቤ ብቻ ይበቃዋል። መመሪያውም በ350 ዲግሪ ፋራናይት አራት ሰዓት ይቆይ ይላል። እኔ በ325 ዲግሪ አስገብቼው፣ ቴርሞሜትሩን አጥንት ሳላስነካ በጭኑ ውፍረትና በደረቱ ስወጋው በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ለዶሮ ዘር ሁሉ የሚመከረውን 165 ዲግሪ በሁለቱም በኩል አልፎ ነበር። መመሪያውን ብከተል ኖሮ ያ ሁሉ ቅቤ በባከነ ነበር። በነገራችን ላይ፣ መመሪያው ጥሬውን ተርኪ በሎሚና በጨው እጠቡ አለማለቱን ወድጄዋለሁ፤ እናቶቻችን ዶሮን አሥር ጊዜ አጥበው ቢያሳድጉንም፣ እዚህ አገር የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚመክሩት የሚረጨው ውኃ ጀርሙን በማጠቢያው ዙሪያ እንዳያዳርስ ጥሬ ሥጋው ከነጭራሹ እንዳይታጠብ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ጨው ነው። የገና ምግብ የሚሠራው ሠሪው እየጾመ፣ ሳይቀምስ ነው፤ ሽታ ኮረሪማው መብዛት ማነሱን ይናገራል፣ ስለ ጨው ግን ምንም አይልም። ከቅዳሴ ተመልሰን ሌሊት ሲቆረስ ደረቱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጭኑ ደግሞ ውኃ የሚያስጠይቅ ጨው ሆኖ ተገኘ፤ ከትሪው የተጠራቀመው መረቅማ ለግሬቪ (ከሥጋው ጋር ለሚቀርብ ወፍራም ስጎ) የሚሆን አልነበረም። በማግስቱ ደውዬ የተርኪውን መጠቅለያ ጽሑፍ እንዲያነቡልኝ ስጠይቅ፣ እስከ 8 በመቶ የሚደርስ የውኃና የጨው ፈሳሽ አስቀድሞ በፋብሪካ የተወጋበት ዓይነት መሆኑ ታወቀ። በዚያ ላይ ጨው ያለበት በርበሬ፣ በዚያም ላይ ሥጋ ቤቱ ራሱ ያሸበት ጨው ተደረበ። ቤቱ ደንበኛው በዋዜማው መቅመስ እንደማይችል ከማንም በላይ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ይህን አለማስተዋሉ አስገርሞኛል። የተረፈውን ጠልጥለን፣ መረቁን በውኃ አቅጥነን፣ ጨው ካልነካው አይብ ጋር በእንጀራ ፈትፍተን በላነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሌሊቱ ገበታ ይልቅ ያ ፍትፍት በለጠ።

ስልኩን ያነሳው ባለቤት አልተከራከረም። «ወንድሜ፣ ጥሬውን ራስዎ መርጠው ያምጡልን፣ እኛ እናሽልዎታለን» ብሎ የእጅ ዋጋ ብቻ እንደሚያስከፍል ነገረኝ። ይህን አገልግሎት የምትሞክሩ ከሆነ ይህኛው መንገድ ይሻላል፤ ስትገዙ ግን የመጠቅለያውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብባችሁ ፈሳሽ ያልተወጋበትን ምረጡ፣ አዋዜው ከቆዳው ሥር ብቻ እንዲሆንም ስታዘዙ ተናገሩ።