ቀልዱ በንግግር ሳጥን ወይስ በውጊያው ሕግ?

በትርፍ ሰዓት የተሠራ አስቂኝ አርፒጂ (የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ) ስንገመግም ቀድመን የምናየው ቀልዱ የት እንደተቀመጠ ነው። በንግግር ሳጥን የሚመጣ ቀልድ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ የሚገድለው ድግግሞሽ ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ በአርፒጂ ሜከር፣ ቅንብሩ ካልተነካ ድንገተኛ ውጊያ በአማካይ በየ30 እርምጃው ይነሳል። ያው ቀልድ በአንድ ዋሻ ውስጥ አሥር ጊዜ ከተደገመ ተጫዋቹ ሳያነብ ቁልፉን መደብደብ ይጀምራል። ስለዚህ ከ2ኛው ውጊያ ጀምሮ ጽሑፉ ወደ አንድ መስመር ይጠር፤ የተነበበውም መዝለያ ይኑረው።

በውጊያው ሕግ ውስጥ የተሠራ ቀልድ ቶሎ አይሰለችም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አንደርቴል የተባለ ጨዋታ ጭራቁን ከመምታት ይልቅ አዋርቶ ምሕረት ማድረግ ያስችላል፤ ሳቁ ከተጫዋቹ ምርጫ ይወለዳል። ፍተሻው ግን ከባድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጠላት የተለየ መንገድ ስለሚሠራ አንድ ስዊች (አንድ ነገር መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚመዘግብ ማብሪያና ማጥፊያ) ከተረሳ ውጊያው ማለቂያ ያጣል። ብቻውን ለሚሠራ ሰውም ቢሆን ይህኛውን እንመርጣለን፤ የጠላቶቹን ዓይነት ይቀንስ እንጂ።