አይኮም 7300 ለጡረተኛ፦ ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገርና ልገላገል። አይኮም አይሲ-7300 የተባለው የአማተር ሬዲዮ እዚህ አሜሪካ አዲሱ ከሺህ ዶላር ይዘላል። ለብቻው ደግሞ አይሠራም። 13.8 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። ሲያስተላልፍ እስከ 21 አምፒር ስለሚስብ ባለ 30 አምፒሩን መግዛት ይሻላል። ከዚያ አንቴናው አለ፣ ኬብሉ አለ። ባለቤቴ ደረሰኙን አይታ «ስልክ እያለህ?» ብላኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክሲ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ኤሌክትሮኒክስ አልተማርኩም። ያደግኩት ግን በአጭር ሞገድ ነው። ማታ ማታ የዶይቸ ቬለን አማርኛ ከጩኸቱ መሃል ለመያዝ ቁልፉን በስሱ ስታዞሩ የኖራችሁ ነገሩ ይገባችኋል። አማተር ሬዲዮ ያው እሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ እናንተም መልስ ትሰጣላችሁ።

ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግን እንደሚፈራው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ለሕዝብ የወጡ ናቸው። የሞርስ ኮድ ግዴታ በ2007 ቀርቷል። ዜግነትም አይጠየቅም። ክፍያው 35 ዶላር ሲሆን ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ይህን ሬዲዮ ለመግዛት የምታስቡ ግን ቴክኒሺያን ላይ አትቁሙ። አብዛኛው የአጭር ሞገድ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል ማለት ነው) የሚከፈተው ጄኔራል ለሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ነው። እሱም 35 ጥያቄ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን መፈተን ይቻላል።

አሁን ወደ ሬዲዮው። ስለ 7300 የተጻፈው አብዛኛው በወጣት ጆሮና በወጣት ዓይን የተጻፈ ነው። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መያዝ ካቆመ ቆይቷል። እንደ ኤስና ኤፍ ያሉ ፊደላት ይምታቱብኛል፤ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም እያንዳንዱ አማተር የሚታወቅበት የፊደልና የቁጥር መለያ፣ በሚጠራበት ዓለም ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው። ያዳነኝ ማንም የማያወራለት ነገር ነው። ሜኑው ውስጥ ቶን ኮንትሮል የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ገብታችሁ የምትቀበሉትን ድምፅ ትሬብል (ቀጭኑን) ወደ ላይ፣ ቤዝ (ወፍራሙን) ወደ ታች ታደርጋላችሁ። ቅንብሩ ለእያንዳንዱ ሞድ (የማስተላለፊያ ዘዴ) ለየብቻው ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ካስተካከልኩት ወዲህ «ይድገሙልኝ» ማለቴ በጣም ቀንሷል።

ሁለተኛው ኤንአር የሚለው ጩኸት መቀነሻ ነው። ከ0 እስከ 15 ይሄዳል። እኔ 4 ወይም 5 ላይ እተወዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲወጣ ሰውየው እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ሲገባባችሁ ደግሞ ትዊን ፒቢቲ የሚለውን ድርብ ቁልፍ ትንሽ ማዞር ነው። ገባ ያለው ሰው ተቆርጦ ይቀራል።

ስክሪኑ ባንዱን ያሳያል። ማን የት እንደሚያወራ በቀለም መስመር ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በጨለማ ቁልፍ እያዞሩ መፈለግ ቀረ ማለት ነው። መስመሩን በጣት ስትነኩት መጀመሪያ ያጎላዋል፣ ድጋሚ ስትነኩት እዚያው ይወስዳችኋል። ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይሄ ደግ ሐሳብ ነው። ግን ስክሪኑ 4.3 ኢንች ብቻ ነው፤ ትልቅ ሞኒተር የሚሰካበት ቀዳዳም የለውም። ያለ መነጽር ሜኑውን ማንበብ አይታሰብም። የአንቴና መሰኪያውም አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት አንቴና ያለው ሰው መቀያየሪያ መግዛቱ አይቀርም።

የልቤን ልናገር? ሬዲዮው የነገሩ ግማሽ እንኳ አይደለም። ዋናው ሽቦው ነው። የሰፈራችን ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ጣሪያ ላይ ምንም አያስቆምም። ስለዚህ 20 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጭን ጥቁር ሽቦ ከመስኮት እስከ ጓሮው ዛፍ ወጠርኩ። ጫፉ ላይ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንድ ይሠራል። እስካሁን ቀና ብሎ ያየው ጎረቤት የለም።

ሽቦው ሰማዩን ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ቤቱንም ይሰማል። 40 ሜትር ላይ ያለማቋረጥ የሚጮህ ነገር ነበር። ሬዲዮውን በባትሪ አስነስቼ የቤቱን ዋና ብሬከር ዘጋሁ። ጩኸቱ ጠፋ። ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ መለስኩ። የኩሽናውን ስመልስ ተነሳ። ጥፋተኛው ከቁም ሳጥኑ ሥር ያለው የኤልኢዲ መብራት ትራንስፎርመር ነበር። እሱን ስቀይር የሬዲዮው የምልክት መለኪያ ከ7 ወደ 3 ወረደ። የስልክ ቻርጀሮቹ ላይ ደግሞ ጩኸት የሚያፍን ፌራይት ቀለበት አደረግኩ። ምንም ያህል ውድ ሬዲዮ ብትገዙ ይህን ሥራ አይሠራላችሁም።

ርቀቱን በተመለከተ ዋናው ፀሐይ ናት። ነጠብጣቦቿ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ይበዛሉ፣ ይቀንሳሉ። ሲበዙ 10 ሜትር ባንድ ቀን ቀን ይከፈትና በ100 ዋት ውቅያኖስ ማቋረጥ ቀላል ይሆናል። ሌላ ጊዜ ያው ባንድ ጭር ይላል፤ ሬዲዮው ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት።

ኤፍቲ8 የሚባልም አለ። ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ዙር አጭር መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል። በ2017 ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር ነው። ከ7300 ጋር የሚገናኘው በአንድ ዩኤስቢ ኬብል ነው፤ ሌላ ሳጥን አያስፈልግም። ደካማ ምልክት ከጩኸት መሃል ፈልቅቆ በማውጣት አይታማም። ወሬ ግን የለውም፤ ሰላም ተባብሎ መለያየት ነው። እኔን ብዙም አልያዘኝም። የምከፍተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን፣ «ኢቲ3ኤኤ» የሚባለውን የክለብ ጣቢያ ለማደን ብቻ ነው። ጥሪ ምልክቱን ስክሪን ላይ አይቼዋለሁ። ኢትዮጵያ በአማተሮች ዘንድ በቀላሉ የማትገኝ አገር ስለሆነች ዓለሙ ሁሉ በአንዴ ይጠራዋል። የእኔ ተራ አልደረሰም።

በአማርኛ ማውራት ይቻላል? ይቻላል። የአሜሪካ ሕግ የሚለው የጥሪ ምልክታችሁን በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ በእንግሊዝኛ እንድትጠሩ ነው። የቀረው በፈለጋችሁት ቋንቋ ነው። ግን ንግድ ክልክል ነው፣ ምስጢርም የለም። ስለ ሰው የምታወሩትን ሰውየው ራሱ ሊሰማ ይችላል።

ብሩ ለሚያሳስበው፦ በቴክኒሺያን ፈቃድ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ገዝታችሁ በአካባቢው ሪፒተር (ድምፃችሁን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ጀምሩ። ጠዋት ጠዋት ስለ አየሩና ስለ ጉልበታቸው ሕመም የሚያወሩ ሽማግሌዎች አይጠፉም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። ከወደዳችሁት ጄኔራልን አውጡ። ቀጥሎ ሽቦ የሚወጠርበት ቦታ እንዳላችሁ እዩ። ቦታው ከሌለ 7300ን አትግዙ። ካለ ያገለገለውንም መፈለግ ይቻላል፤ ሬዲዮው ከ2016 ጀምሮ ብዙ ሰው እጅ ስለገባ ገበያ ላይ አይጠፋም። ስትገዙ ግን ሻጩ ፊታችሁ 100 ዋት ሲያስተላልፍ ያሳያችሁ።